አምስት ኤፒአይ፣ አንድ እንጀራ ቤት፦ አገልግሎቶችን ከየት ታገኛላችሁ? እንዴትስ ትሰፏቸዋላችሁ?

የምጣድ_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

አክስቴ ገርጂ ውስጥ እንጀራ ትጋግራለች። ድሮ የሰፈር ሰው ብቻ ነበር የሚገዛት። አሁን ከአያት እስከ ሳሪስ ደንበኛ አላት። ትእዛዝ የሚመጣው በስልክ ነው። ሊጥ በነካ እጇ ታነሣለች፣ አድራሻውን ካርቶን ላይ ትጽፋለች፣ ካርቶኑ እሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። ባለፈው ቅዳሜ ሞተረኛው 60 እንጀራ ጭኖ መገናኛ ቆሞ «የቱ ፎቅ ነው?» እያለ ሲደውል አረፈደ። እንጀራው ደረሰ፤ ሰውየው ግን ተቀይሞ ነበር።

ስለዚህ የቴሌግራም ቦት ልሠራላት ተነሣሁ። ደንበኛው ያለበትን ቦታ በቴሌግራም ይልካል። ቦቱ ከገርጂ ያለውን የመንገድ ርቀት አስልቶ የማድረሻ ዋጋ ይነግረዋል። ደንበኛው ይከፍላል፣ ለሞተረኛው መልእክት ይሄዳል። ዝናብ ካለ ደግሞ «ትንሽ ልንዘገይ እንችላለን» ይላል።

ይህን ሁሉ ከባዶ ልጻፍ ብል መስቀል ይደርሳል። የተሠራ ነገር በኤፒአይ (አንዱ ፕሮግራም ሌላውን አገልግሎት በሚጠራበት በር) ገጣጥሜ መገላገል ነው የምፈልገው። እስካሁን የሰበሰብኩት፦ ለመልእክት ቴሌግራም፣ አድራሻ ለመፈለግ ኖሚናቲም፣ ለመንገድ ኦኤስአርኤም፣ ለዝናብ ኦፕን-ሜቴዮ፣ ለክፍያ ደግሞ ከአገር ውስጦቹ አንዱን።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እናንተ እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ከየት ነው የምታገኙት? እኔ ስፈልግ የሚመጣልኝ «ምርጥ 50 ነጻ ኤፒአይ» የሚል ያረጀ ጽሑፍ ነው፤ ግማሹን ስነካው ሞቷል። ደግሞስ አምስቱን አንድ ላይ ስሰፋ ምን ይጠብቀኛል?

---

ሽቦአልባ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:52

እህቴ፣ መጀመሪያ ለአክስትሽ ብርታቱን ይስጣት።

እኔ ከዝርዝር አልጀምርም። የምሠራውን የሚመስል ነገር ቀድሞ የሠራ ሰው አይጠፋም። የእሱን ድረ ገጽ በኮምፒውተር እከፍትና የብራውዘሩን የዴቨሎፐር መሣሪያ አነሣለሁ፤ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል። ገጹ ሲከፈት ወዴት ወዴት እንደሚደውል እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካርታውን ከማን ነው የሚያመጣው? ርቀቱንስ ማን ያሰላለታል? በአንድ ሻይ ሰዓት አንድ ሳምንት ፍለጋ ይተርፍሻል።

አንዱን ካገኘሽ ዘመዶቹ ይከተላሉ። ኖሚናቲምን ያወቀ ሰው ሰነዱን ትንሽ ሲገልጥ ኦቨርፓስን (ከካርታው መረጃ የሚያወጣውን) እና ፎቶንን (ሌላ የአድራሻ ፈላጊ) ያገኛል፤ ሁሉም በኦፕንስትሪትማፕ፣ ሰዎች በፈቃዳቸው በሚስሉት ነጻ ካርታ፣ ላይ የቆሙ ናቸው። እርስ በርስ ለማስማማትም ይቀላሉ፤ አባታቸው አንድ ነውና።

ዝርዝርም አይጠላም። ጊትሀብ የሚባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ «ፐብሊክ ኤፒአይስ» የሚባለው ክምችት አለ። ኤፒአይስ ጉሩ ደግሞ የኦፕንኤፒአይ ፋይሎችን ይሰበስባል። ይህ ፋይል የአገልግሎቱ ሜኑ በይው፤ ምን ማዘዝ እንደሚቻል፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ ተጽፎበታል። ድሮ ስዋገር ነበር የሚባለው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ፋውንዴሽን ከተሰጠ በኋላ ነው ስሙ የተቀየረው።

ሰነድ ከማንበቤ በፊት ግን አንድ ፈተና አለኝ። «ሃያ ሁለት» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አዲስ አበባን የማያውቅ የአድራሻ አገልግሎት እዚያው ይጋለጣል። አንዱ ቁጥር መስሎት የቤት ቁጥር 22 ይፈልግልሻል። እንዲህ ካለ ሰነዱን አላነብም፤ ዘግቼው እሄዳለሁ።

ካለፈ በኋላ ሰነዱ መጨረሻ መቼ እንደታደሰ አያለሁ። የሙከራ ቁልፍ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ ወይ? የአጠቃቀም ደንቡ ለንግድ ይፈቅዳል ወይ? ይህችን የመጨረሻዋን ብዙዎቻችን እንዘላታለን።

---

ጋሽ_ሞደም · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10

ልጄ፣ ይህ ጥያቄሽ ሩብ ክፍለ ዘመን ወደኋላ መለሰኝ። ዓመቶቼ የፈረንጅ ናቸው፤ እዚህ ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ በእነሱ መቁጠር ለምጄ ነው።

በ2000 አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና አሪባ ዩዲዲአይ የሚባል ነገር ይዘው ብቅ አሉ። የዓለም የድር አገልግሎት ሁሉ የሚመዘገብበት መዝገብ። የስልክ ማውጫ አድርጊው። ነጩ ገጽ ድርጅቱ ማን እንደሆነ ይላል። ቢጫው በምን ሥራ እንዳለ። አረንጓዴው ደግሞ አገልግሎቱ እንዴት እንደሚጠራ። ሕልማቸው ምን ነበር መሰለሽ፤ ፕሮግራሙ ራሱ መዝገቡን ገልጦ፣ የሚስማማውን መርጦ፣ ያለ ሰው እጅ ሊገጣጠም። ጫኝ ቢያስፈልግሽ ኮምፒውተርሽ አማርጦ ይዋዋልልሻል ማለት ነው።

እኔም ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ። ለዚህ ነገር ኤክስኤምኤል ስጽፍ ስንት ሌሊት ነጋብኝ! በጥር 2006 አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ኤስኤፒ ለሕዝብ ክፍት የነበሩትን መዝገቦቻቸውን ዘጉ።

ለምን እንዳልሠራ የየራሱን የሚል አለ። የእኔ እንዲህ ነው። ነጋዴ ከማያውቀው ሰው ጋር አይዋዋልም፤ ዋስ ይላል። መዝገቡ የአገልግሎቱን ቅርጽ ይነግርሻል። ባለቤቱ ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ ግን አይነግርሽም። ሽቦአልባ «ሃያ ሁለት ብዬ እፈትነዋለሁ» ያለው እኮ ዋስ መጠየቅ ነው።

የሠራውስ? በ2005 ፖል ራድማከር የሚባል ሰው የክሬግስሊስትን የቤት ኪራይ ማስታወቂያዎች አንሥቶ በጉግል ካርታ ላይ ለጠፋቸው። ሀውዚንግማፕስ አለው። ጉግል ለካርታው ገና ኤፒአይ አላወጣም ነበር። ሰውየው መዝገብ አልገለጠም፤ የካርታውን ውስጥ ጎርጉሮ ነው የገጠመው። ጉግልም ኤፒአዩን ያወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰውየውንም ቀጠረው!

ከእኛም ጎረቤት አለ። ኬንያ በ2007 መጨረሻ ከምርጫው በኋላ ስትታመስ፣ ጥቂት ልጆች በኤስኤምኤስና በድር የሚመጣውን የሕዝብ ጥቆማ ካርታ ላይ የሚያሳይ ነገር በቀናት ውስጥ አቆሙ። ኡሻሂዲ ይባላል፤ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ካርታው የሌላ፣ መልእክቱ የሌላ፤ ስፌቱ ግን የእነሱ።

ረዘመብኝ፤ ይቅርታ።

---

ነገር_ፈላጊ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:30

ጋሼ፣ ታሪኩ ይጣፍጣል፤ እድሜ ይስጥልን። ግን ሰዎች፣ እንጀራ እኮ ነው።

ሒሳብ ልሥራላችሁ። አንድ አገልግሎት ከመቶ 99 ጊዜ ይሠራል እንበል። ጥሩ ይመስላል አይደል? በ30 ቀን ወር ውስጥ 7 ሰዓት ከምናምን አይሠራም ማለት ነው። አሁን አምስቱን ደርድሯቸው። ዜሮ ነጥብ 99ን አምስት ጊዜ ስታባዙት 95 በመቶ ይመጣል። በወር 35 ሰዓት ገደማ ከአምስቱ አንዱ ወድቋል። 35 ሰዓት! የአክስትሽ ካርቶን እንኳ ይህን ያህል አይጠፋም።

በዚያ ላይ የሰው አገልግሎት የሰው ነው። የጉግል ካርታ ኤፒአይ ከ2018 ጀምሮ ያለ ክፍያ ሂሳብ አልነካም አለ። ትዊተር በ2023 ነጻውን በር ዘጋ። ያሁ ፓይፕስን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ በ2007 ተከፍቶ ሰው ሁሉ የዜና ምንጮቹን እንደ ቧንቧ ሲቀጣጥልበት ቆየ፤ በ2015 ዘጉት። ሌላ ሰው ግቢ ላይ ቤት አትሠሩም፤ ኤፒአይ ላይ ሲሆን ግን ሁላችሁም ትሠራላችሁ።

ምክሬ፦ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ጎበዝ ልጅ።

---

የምጣድ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:05

ጎበዟ ልጅ እኔ ነበርኩ 😅 ደብተሩንም ሞክረነዋል፤ ሊጥ ፈሰሰበት።

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ለአክስቴ አነበብኩላት። «ዋስ» የሚለው ላይ ስትደርስ «ልክ ብለዋል» አለች፤ ቀሪው አልገባትም።

---

ሽቦአልባ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:20

የነገር_ፈላጊ ሒሳብ ልክ ነው። ግን 35 ሰዓቱ የሚመጣው አምስቱን በአንድ ገመድ ካሰርሻቸው ነው። አትሰሪያቸው።

ዝናቡ መልስ ካልሰጠ ቦቱ ስለ ዝናብ ዝም ይበል። ማን ይናፍቀዋል? የመንገድ አገልግሎቱ በ3 ሴኮንድ ካልመለሰ ቀጥታ መስመሩን አስልተሽ በ1.4 አባዢው። እኔ ለራሴ ሥራ ከሞተረኞቹ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ጋር አመሳክሬ የደረስኩበት ቁጥር ነው፤ አንቺም የራስሽን ለኪ። ክፍያው ከወደቀ «ሲደርስ ይክፈሉ» የሚል ቁልፍ ይምጣ። ቴሌግራም ራሱ ከወደቀ የአክስትሽ ስልክ አለ፤ ሊጥ ቢነካውም።

ሰርቨርሽ ያለበት ቤት መብራት ቢጠፋስ? ቴሌግራም ቦትሽ ያልተቀበለውን መልእክት እስከ 24 ሰዓት ያቆይልሻል። መብራቱ ሲመጣ ትእዛዞቹ ተደርድረው ይጠብቁሻል። እዚህ አገር ይህን የጻፈ ሰው ሽልማት ይገባዋል።

ሌላው ነገር፣ በኮድሽ ውስጥ «ኦኤስአርኤም» የሚለው ስም ከአንድ ፋይል በላይ እንዳይገኝ። ራስሽ «ርቀት» የሚል ፈንክሽን ጻፊ፤ ከየት ወደየት ብለሽ ትሰጪዋለሽ፣ ሜትር ይመልስልሻል። ውስጡ ማን እንደሚያሰላ ሌላው ኮድ አይወቅ። ነገ አገልግሎቱ ቢዘጋ አንዲት ፋይል ትቀይሪያለሽ እንጂ ቤቱን አታፈርሺም። የሰው ግቢ ነው ላልከው መልሴ ይኸው ነው ነገር_ፈላጊ፤ በሩን አንድ ካደረግከው ዕቃህን አውጥተህ መሄድ ቀላል ነው።

ጋሼ፣ እርስዎም ይስሙልኝ፤ መዝገቡ እኮ በትንሹ ተመልሶ መጥቷል። በ2025 «ኤፒአይ-ካታሎግ» የሚል ደንብ ወጣ። ድርጅቱ ድረ ገጹ ላይ በአንድ በታወቀ አድራሻ የኤፒአዮቹን ዝርዝር ያስቀምጣል። የዓለም መዝገብ አይደለም፤ እያንዳንዱ በየበሩ ላይ ይለጥፋል።

---

ካርታ_ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ትርፍ ጊዜዬን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አዲስ አበባን ስስል ነው የማሳልፈው። ስለዚህ ይህ ክር የእኔ ነው።

«ሃያ ሁለት»ን እንደ ምሳሌ ማንሣታችሁ ደስ ብሎኛል። ሰው እንዴት እንደሚጽፈው ታውቃላችሁ? ሃያ ሁለት። ሀያ ሁለት። ሐያሁለት። 22። ሃያ2 ብሎ የጻፈም አይቻለሁ። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር አምስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ወደ ኖሚናቲም ከመላክሽ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ መልሻቸው። ሐ፣ ኀ እና ሃ ወደ ሀ። ሠ ወደ ሰ። ዐ ወደ አ። ፀ ወደ ጸ። ካርታው ላይ ያለው ስም በሌላው ፊደል ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ላታገኚው ትችያለሽ። እኔ ከኦቨርፓስ የከተማውን ቦታዎች ስም አውርጄ ራሴ ጋ በአንድ ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ፣ ፍለጋውን እዚያ ላይ ነው የማደርገው። ይፈጥናል፤ ሌላ ሰው ሰርቨርም አያስጨንቅም።

ጭንቀት ካልን፣ የኖሚናቲም የሕዝብ ሰርቨር ደንብ አለው። በሴኮንድ ከአንድ ጥያቄ አይበልጥም። ማን እንደሆንሽ የሚገልጽ ስም ከጥያቄሽ ጋር መላክ አለብሽ። የተጠየቀውን መልስ ራስሽ ጋ አስቀምጪ፤ ያው ደንበኛ በየሳምንቱ አንድ ቤት ነው የሚያስመጣው። ካርታው ከኦፕንስትሪትማፕ አዘጋጆች መሆኑንም ጻፊ፤ የምንጠይቀው ክፍያ እሱ ብቻ ነው።

የኦኤስአርኤም የሙከራ ሰርቨርም ለሙከራ ነው። ሥራው ከያዘ የኢትዮጵያን ካርታ ብቻ አውርደሽ ራስሽ ጋ ጫኚው፤ መካከለኛ ሰርቨር ይችለዋል። ጊዜውን ግን አትመኚው። መጨናነቅ አያውቅም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከገርጂ ሜክሲኮ ስንት ደቂቃ ነው ብትዪው፣ መንገዱ ባዶ የሆነ ይመስል ነው የሚመልስልሽ። ዋጋሽን በሜትር እንጂ በደቂቃ አታስዪ።

---

አዲስ_ገቢ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ይቅርታ፣ ገና ጀማሪ ነኝ። ኤፒአይ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ክፍያ ላይ ሲመጣ ሁሉም «ዌብሁክ» ይላል። እሱ ሌላ ነው?

---

ሽቦአልባ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:22

ኤፒአይ አንተ ስትደውልላቸው ነው። ዌብሁክ እነሱ ሲደውሉልህ ነው። ደንበኛው መቼ እንደሚከፍል ስለማታውቅ በየደቂቃው «ከፈለ?» እያልክ አትጠይቅም፤ «ሲከፍል በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ» ትላቸዋለህ። ቁጥሩ የሰርቨርህ አድራሻ ነው።

---

ዱባይ_በረንዳ · ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6:05

እሱን ዌብሁክ አደራ! እኔን አቃጥሎኛል።

እዚህ ዱባይ ለአንድ ዕቃ መሸጫ ነበር የምሠራው። አንድ ደንበኛ ቴሌቪዥን ገዛ። የክፍያ ድርጅቱ «ተከፍሏል» ብሎ ደወለ። ሰርቨሬ ያንን ሲቀበል መጋዘኑን ያዛል፣ ደረሰኝ ይሠራል፣ ኢሜይል ይልካል፣ ከዚያ በኋላ ነው «እሺ ደርሶኛል» የሚለው። ያን ቀን ኢሜይሉ ተንቀራፈፈ። እነሱም መልስ ሲያጡ አልደረሰውም ብለው ደገሙት። መጋዘኑ ሁለት ጊዜ ታዘዘ። ሁለት ቴሌቪዥን ሄደ።

ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ሰነዳቸው ላይ «መልእክቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊመጣ ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ደንበኛው አንዱን መልሷል፤ እግዜር ይስጠው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ትእዛዙ ሲፈጠር መለያ ቁጥር የምሰጠው እኔው ነኝ፤ ከክፍያው ጋርም አብሮ ይሄዳል። ዌብሁኩ ሲመጣ ወዲያው «ደርሶኛል» እላለሁ፣ ሥራውን ከዚያ ነው የምሠራው። ዳታቤዙ ያ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ሁለተኛው ሲመጣ በሩ ላይ ይመለሳል። የመጣውን መልእክትም ዝም ብዬ አላምንም። ያንን አድራሻ ያወቀ ሰው ሁሉ «ተከፍሏል» ብሎ ሊልክልሽ ይችላል። ተመልሼ ለድርጅቱ እደውልና «በዚህ ቁጥር ስንት ብር ገባ?» እላለሁ። የብሩንም መጠን ከትእዛዙ ጋር አስተያያለሁ። 1 ብር ከፍሎ 60 እንጀራ የሚወስድ አይጠፋም።

---

የምጣድ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:48

ተመለስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስሰፋ ነበር። ልንገራችሁ።

ቦቱ ተነሣ። ሞከርኩት። ከሳሪስ ላክሁ፣ ዝቅተኛውን ዋጋ አለኝ። ከአያት ላክሁ፣ ዝቅተኛውን። ከካዛንቺስ፣ ያው። ስህተት የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ሁሉም ሰላም። ርቀቱን ሳይ ግን ዜሮ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። አክስቴ አጠገቤ ቆማ «ታዲያ ጥሩ አይደል፣ ቅርብ ናቸው ማለት ነው» ትለኛለች።

እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ፈለግሁት። በመጨረሻ ኦኤስአርኤም የመለሰልኝን የመንገድ ነጥብ ካርታ ላይ ጣልኩት። የት ወደቀ መሰላችሁ? ጣሊያን! ሰርዲኒያ የምትባል ደሴት፣ ደቡብ ጠረፏ ላይ።

---

ካርታ_ወዳጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:55

ሃሃሃ፣ ገለበጥሻቸው!

አራት ኪሎን ብትወስጂ ኬክሮሱ 9.03፣ ኬንትሮሱ 38.76 ነው። ቴሌግራም ሁለቱንም በስማቸው ነው የሚልክልሽ፤ እዚያ ስህተት የለም። ብዙ የካርታ መሣሪያ ኬክሮስን ያስቀድማል። ኦኤስአርኤም ደግሞ ኬንትሮስን ነው የሚያስቀድመው፤ ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነትም እንደዚያው። ሲገለበጥ አራት ኪሎ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገባለች፣ ከሰርዲኒያ በስተደቡብ። ኦኤስአርኤም ባሕር ላይ ቆሞ አያለቅስም፤ የቅርቡን መንገድ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ሰፈሮች በሙሉ እዚያችው ጠረፍ መንገድ ላይ ተለጠፉ። ርቀታቸውም ዜሮ።

---

የምጣድ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6:10

በትክክል። አሁን ከየትም ይምጣ፣ ነጥቡ የኢትዮጵያ ክልል ውስጥ መሆኑን ሳላይ አላሳልፍም። አንድ መስመር ኮድ ናት። ለሁለት ቀን እንቅልፍ።

ሁለተኛው ደግሞ ሰዓት። አንድ ደንበኛ «ነገ 3 ሰዓት» ብሎ አዘዘ። ቀኑንና ሰዓቱን የሚያነብልኝ ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) 03:00 አደረገው። ሞተረኛችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፦ «20 እንጀራ፣ ጉርድ ሾላ»። ጠዋት መጥቶ አላናገረኝም። ለአክስቴ ነው የነገራት።

---

ሽቦአልባ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6:31

ይህ የሁላችንም ጥምቀት ነው። ሰው ሰዓት እንዲጽፍ አታድርጊ፤ ቁልፍ አሳዪው። «ጠዋት 3 ሰዓት»፣ «ከሰዓት 9 ሰዓት»። ከቁልፉ ጀርባ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ዳታቤዝሽ ውስጥ ሁሉም በዩቲሲ፣ በግሪንዊቹ ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ይቀመጥ፤ ወደ እኛ ሰዓት የሚቀየረው ሰው ሊያየው ሲል ብቻ ነው። ኦፕን-ሜቴዮም የሰዓት ቀጠና ካልነገርሽው በግሪንዊች ነው የሚመልሰው፤ የዝናቡ ሰዓት በ3 ይዛነፋል። ጳጉሜንን ደግሞ ከአሁኑ ፈትኝ። 13ኛ ወር ሲያዩ የሚደነግጡ ላይብረሪዎች አሉ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ትእዛዝ ደግሞ እዚያ ላይ ነው የሚመጣው።

---

ነገር_ፈላጊ · ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 7:00

ስለ ኦፕን-ሜቴዮ ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ነጻ የሆነው ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነው። በቀን እስከ 10,000 ጥያቄ ይፈቅዳል፣ ቁልፍም አይጠይቅም፤ ግን እንጀራ መሸጥ ንግድ ነው። ወይ ክፈዪ ወይ ተዪው።

---

የምጣድ_ልጅ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:20

ተውኩት። አክስቴን ጠየቅኋት፤ «እንጦጦ ከጠቆረ ከሰዓት ይዘንባል፣ ለዚህም ኮምፒውተር?» አለች። አሁን ስልኳ ላይ «ዝናብ ሊጥል ነው» የሚል ቁልፍ ሠርቼላታለሁ። ሰማይ ታያለች፣ ትጫናለች፣ ቦቱ ለደንበኞች ይናገራል። እስካሁን አልተሳሳተችም።

ስለዚህ አምስቱ አራት ሆኑ ነገር_ፈላጊ። ሒሳብህን አስተካክልልኝ።

---

ነገር_ፈላጊ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:41

ዜሮ ነጥብ 99 አራት ጊዜ፣ 96 በመቶ። በወር 28 ሰዓት ገደማ። እየተሻሻልሽ ነው። አክስትሽን በኤፒአይ የምትሰጪ ከሆነ እኔም ደንበኛ ነኝ።

---

የምጣድ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

አራተኛ ቀናችን ነው። ካርቶን ቀረ ማለት ይቻላል። ክፍያው አንዴ ሁለት ጊዜ ደወለልን፤ ሁለተኛው በሩ ላይ ተመለሰ። ዱባይ_በረንዳ፣ ባለውለታችን ነህ።

ያልጠበቅኩት ግን ሌላ ቦታ ነው የመጣው። ሁለት ደንበኞች ቢሯቸው ቁጭ ብለው «ያለሁበትን ቦታ ላክ» የሚለውን ተጫኑ። እንጀራው ሜክሲኮ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። ሴትየዋ የፈለገችው አያት ለሚገኘው ቤቷ ነበር። ለባልደረቦቿ ሸጣው ገባች አሉ። ስልኩ ያለበትና እንጀራው የሚፈለግበት አንድ አለመሆኑን የትኛውም ሰነድ ላይ አላየሁም።

---

ካርታ_ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:18

ፒኑ ሲላክልሽ ቦቱ የቅርቡን የታወቀ ቦታ ስም ጠቅሶ ይጠይቅ። «ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምናደርሰው፣ ልክ ነው?» አዎ፣ አይደለም። አይደለም ካለ ቴሌግራም ላይ ፒኑን በእጁ ወስዶ ቤቱ ላይ መትከል እንደሚችል በሥዕል አሳዪው፤ ብዙ ሰው አያውቃትም።

---

ጋሽ_ሞደም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ልጄ፣ ኮራሁብሽ። አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ታደርሳላችሁ? የጤፉ እንጀራ እዚህ ከቤት ኪራይ ሊበልጥ ነው።

---

የምጣድ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:34

ጋሼ፣ አድራሻዎን ሰጥቼ ኦኤስአርኤምን ጠየቅሁልዎት። «መንገድ የለም» አለኝ። አክስቴ ግን «ድርቆሽ ይላካል፣ ሰው ሲመጣ ይንገረን» ብላለች።